ከዴራ እስከ ጭላሎ፤ ስለ ዱር ተክልና ስለ አእዋፍ መጻሕፍት የቀረበ ሒስ

ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋትና አእዋፍ የተጻፈ መጽሐፍ የለም ተብሎ የሚታዘንበት ዘመን አልፏል። በ1980 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1989፣ የመጨረሻውን በ2009 አሳትሞ፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን በስምንት ቅጽ አካቶ ሥራውን ፈጽሟል። የአቶ ወልደ ሚካኤል ቀለቻ የተክል ስሞች መዝገብ በ1987 ለአራተኛ ጊዜ ታትሟል። ዶክተር አዘነ በቀለ ተሰማ ስለ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1993 ወጥቶ በ2007 ሰፍቶና ታርሞ እንደ ገና ቀርቧል። በአእዋፍም በኩል ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ በ2009 ያወጡት የአፍሪካ ቀንድ አእዋፍ መምሪያ ከ1,000 የሚበልጡ ዝርያዎችን ከነሥዕላቸው ይዟል። እነ ኤርሚያስ ሉለቃል ደግሞ በ2011 ባቀረቡት ቅኝት በኢትዮጵያ የሚበሉ 413 የዱር ተክሎችን ቆጥረው አስረድተዋል።

እነዚህን ሥራዎች በዕፅዋት ሊቅ ወይም በአእዋፍ ሊቅ ሚዛን ለመመዘን አልተነሣንም፤ ያ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው፣ እነርሱም ሥራውን አመስግነው ተቀብለውታል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። አንድ ሰው የአገሩን አበባ፣ የአገሩን ፍሬና የአገሩን ወፍ ለማወቅ ከቤቱ በወጣ ጊዜ እነዚህ መጻሕፍት ቀድሞ ወደሚያውቀው ሰው ያደርሱታልን? በመጻሕፍቱ ውስጥ የሕዝብን ባህል ለሚያጠና ሰው በቀጥታ የሚመለከተው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የአገር ቤት ስሞች የሚጻፉበት ጠባብ ዓምድ ነው። ይህም ዓምድ ከመጽሐፉ ክፍሎች ሁሉ እጅግ አነስተኛ ድካም የተደረገበት ሆኖ እናገኘዋለን።

ሒሱ በደፈናው እንዳይሆን አንድ መንገድ እንምረጥ። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ በዴራ አልፎ፣ ኢተያን ነክቶ ወደ ደጋው ይወጣል። የዴራ አካባቢ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፤ ግራር፣ ቁርቁራና በደኖ የሚበቅሉበት፣ በአጠገቡም ባለው በዲልፈቃር ፓርክ አጋዘን የሚሰማራበት ደረቅ አገር ነው። ከዚያ ወደ ላይ ሲወጣ ወይራና ጽድ፣ አጋምና ቀጋ፣ በየአጥሩ ሥርም እንጆሪ ይመጣሉ። ከአሰላ በላይ ኮሶና አስታ ይከተላሉ፤ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጭላሎ ጫፍ ሲቀርብ ደግሞ ጅብራ በብርዱ መካከል ብቻውን ቆሞ ይታያል። ይህን ሁሉ የሚያገናኘው በመኪና ግማሽ ቀን የማይፈጅ ርቀት ነው። በመንገዱ የሚኖሩትም ሰዎች ቋንቋቸው አንድ አይደለም፤ አገሩ የአርሲ ኦሮሞ አገር ሆኖ፣ ከሸዋና ከሌላም ስፍራ የመጣ አማርኛ ተናጋሪ በየከተማው ተቀምጧል፤ ብዙውም ሰው ሁለቱን ቋንቋ ይናገራል። እንግዲህ አንድ ተማሪ መጻሕፍቱን ይዞ በዚህ መንገድ ወጣ እንበል። (ስምንቱን ቅጽ ይዞ ጭላሎን ለመውጣት አህያ መጫን ያስፈልገዋል፤ ይህ ግን የአዘጋጆቹ ጥፋት አይደለም።)

ተማሪው በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የፊደል ነው። ስሞቹ በብዙው ዝርዝር በላቲን ፊደል ተጽፈዋል፤ ይህም ለውጭ አገር አንባቢ ተብሎ የተደረገ ነው። ዳሩ ግን ቀጋ በዚያ ፊደል ሲጻፍ «ከጋ» ተብሎ ይነበባል፤ ጥብቁንና ልሉን ድምፅ፣ ቀን ከከ፣ ጠን ከተ የሚለይ ምልክት የለምና። ኮሶን የአርሲ ሰው የሚጠራበት ኄጦ የሚለው ስም «ሄቶ» ሆኖ ተመዝግቦ ይገኛል። ኦሮምኛ ከ1991 ወዲህ በቁቤ መጻፍ ሲጀምር እነዚህን ድምፆች በጥንቃቄ የሚለይ ሥርዓት ተገኝቷል፤ አማርኛም ፊደሉ ከጥንት ጀምሮ ነበረው። ከዚህ በኋላ የታተሙትም ዝርዝሮች የቀደሙትን አጻጻፍ እንዳለ እየገለበጡ ይቀጥላሉ። አንድ የላቲን ስም በአንድ ፊደል ቢሳሳት በሚቀጥለው እትም ይታረማል፤ የአገር ቤቱ ስም ግን ቢሳሳት የሚያርመው የለም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የከበደ ነው፤ ይኸውም «ኦሮምኛ» ወይም «አማርኛ» የሚል ምልክት ብቻ ማድረግ ነው። ኦሮምኛ ከወለጋ እስከ ሐረርጌ፣ ከሸዋ እስከ ቦረና ይነገራል፤ አንድ ስም በአንዱ አገር ለአንዱ ተክል፣ በሌላው አገር ለሌላው ተክል ሊሆን ይችላል። ጎራ የሚለው ስም በአንዱ ዝርዝር ለእንጆሪ፣ በሌላው ለቀጋ ተሰጥቶ እናገኘዋለን። ሁለቱም እሾሃም ናቸው፣ ሁለቱም ይበላሉ፣ በአንድ አጥር ሥርም አብረው ሊበቅሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ቀጋ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለ ብቸኛው ጽጌረዳ ሲሆን እንጆሪ ሌላ ወገን ነው። ስሙን ማን በየትኛው መንደር እንደ ተናገረው ስላልተጻፈ፣ አንባቢው ከሁለቱ አንደኛው ስሕተት ይሁን፣ ወይስ ሁለቱም በየአገራቸው እውነት ይሁኑ ለመለየት አይችልም። እኛ የምናምነው ሁለቱም እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃው ከስሙ ጋር አልተጠበቀም።

ሾላም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ሾላ የሚባለው ሁለት ዛፎችን ይጨምራል፤ ሁለተኛውን አንዳንዱ ባምባ ይለዋል። በኦሮምኛ ግን አንደኛው ሃርቡ፣ ሁለተኛው ኦዳ ነው። የሁለቱም ፍሬ ይበላል፤ ኦዳ ግን ከፍሬው በላይ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚደነገግበት ዛፍ ነው። በዴራ ገበያ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ዛፍ ሲነጋገሩ አንዱ «ሾላ» ሲል ሌላው «ኦዳ» ቢል፣ መዝገቡ ሁለቱን ቃላት በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልፋል። በአንደኛው ቃል ውስጥ ግን የልጅነት ፍሬ፣ በሁለተኛው ውስጥ የአባቶች ሸንጎ አለ። የስሞች መዝገብ ይህን ሁሉ እንዲያትት አንጠብቅም፤ የአቶ ወልደ ሚካኤልም ሥራ መንገድ ጠራጊ እንደ መሆኑ ውለታው ትልቅ ነው። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ግን መንገዱን ተራምደውበት እንጂ አስፍተውት አልሄዱም።

የላቲኑ ስም ጸንቶ የሚኖር፣ የሕዝቡ ስም ግን የሚዋልል ነው የሚል አሳብ ስለ ሰፈነ ይህ ቸልታ ሳይነቀፍ ቆይቷል። አሳቡ ግን ከታሪኩ ጋር አይስማማም። አጋም በቀድሞዎቹ መጻሕፍት ካሪሳ ኤዱሊስ ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም «የሚበላ» ማለት ነው። በኢትዮጵያ ዕፅዋት መጽሐፍ ደግሞ ካሪሳ ስፒናረም ሆኗል፤ ይህም «የእሾህ» እንደ ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ነገር በግራር ላይ ደርሷል። በ2005 በቪየና የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ አካሺያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያ ዛፎች እንዲቀር ያደረገውን ውሳኔ ተቀበለ፤ በ2011ም በሜልበርን ነገሩ ጸና። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ግራሮች ቫቸሊያና ሴኔጋሊያ በሚባሉ ወገኖች ተመድበዋል፤ ስሙ በመጀመሪያ ከግሪኮች ዘንድ የወጣው ለግብፅ እሾሃም ዛፍ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። በዴራ ሜዳ ያለው ዛፍ ግን ያን ጊዜም ግራር ነበር፣ ዛሬም ግራር ነው። ይህን ስንል የሊቃውንቱን ሥርዓት ለማቃለል አይደለም፤ ስሙን የለወጡበት ምክንያት አላቸው፣ ምክንያታቸውንም ጽፈዋል። ለሕዝቡ ስም ግን እንዲህ ያለው ትጋት ተነፍጎታል።

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የአጋምና የመረንዝ ጉዳይ ነው። መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ፣ በላቲኑ አኮካንተራ ሺምፐሪ የሚባለው ቁጥቋጦ ከአጋም ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያወጣሉ፤ ሁለቱም ጠንካራና አንጸባራቂ ቅጠል፣ መዓዛው የሚያውድ አበባ፣ ሲበስልም ወደ ጥቁር የሚያደላ ክብ ፍሬ አላቸው። ነገር ግን ከመረንዝ እንጨትና ሥር የሚወጣው ኡዋባይን የሚባለው መርዝ የልብን ትርታ የሚያቆም ስለ ሆነ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ፍላጻቸውን ይቀቡበት ነበር። ጥሬ ፍሬውም አደገኛ ነው። በደንብ የበሰለውን ግን የሚበሉ አካባቢዎች ስላሉ፣ መረንዝን ከሚበሉ ተክሎች ጋር የቆጠረ ጥናት አለ። በእንዲህ ያለው ሠንጠረዥ አጋምም «ፍሬ»፣ መረንዝም «ፍሬ» ተብሎ ይጻፋል፤ የሚበላውም ክፍል፣ የሚበላበትም መንገድ በአንድ ቃል ያልቃል። እረኛው ግን አጋም እሾህ አለው፣ መረንዝ የለውም ብሎ ይለያል፤ መብሰሉንም በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በጣቱ ተጭኖና በምላሱ ጫፍ ቀምሶ ይፈርዳል፤ የመረረውንም ይተፋል። የዕውቀቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሠንጠረዡም የጣለው ይህንኑ ነው። ሠንጠረዡን አምኖ ወደ ዱር የሚገባ የከተማ ሰው ነፍሱን ለአንድ ቃል አደራ ሰጥቷል ማለት ይቻላል።

ይህ ጉድለት ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ በአብዛኛው ከጠያቂው ልማድ ላይ ይገኛል። የዱር ተክል ጥናት ሥርዓቱን የወረሰው ከመድኃኒት ተክል ጥናት ነው። በመድኃኒት ነገር ዐዋቂው ሽማግሌው፣ ይልቁንም ለሰው የማይነግረው ባለ መድኃኒት ስለ ሆነ፣ ተመራማሪው ወደ መንደሩ ሲገባ «ዐዋቂ ሽማግሌዎችን» መርጦ ይጠይቃል። የዱር ፍሬ ዕውቀት ግን የልጆች ዕውቀት ነው። ከብት ይዞ ጧት የወጣ ልጅ እስከ ማታ ቤት አይመለስም፤ ስለዚህ የትኛው አጋም ቀድሞ እንደሚበስል፣ ከየትኛው ኮሽም ላይ ጣፋጭ እንደሚገኝ፣ የትኛው ቀጋ ጉሮሮ እንደሚከረክር ያውቃል። ሽማግሌው የሚነግረን ከአምሳ ዓመት በፊት ልጅ ሳለ የበላውን ነው፤ ያውም በዘመኑ ብዛት የደበዘዘውን። ሁለተኛውን ምክንያት ደግሞ ስንናገር ራሳችንንም እንወቅሳለን፤ ተማሪ ወደ አገሩ ተመልሶ የሚያጠናው በክረምት ዕረፍት ስለ ሆነ፣ በበጋ የሚበስለው ፍሬ ሁሉ «ይባላል» በሚል ቃል ብቻ ይመዘገባል።

የሴት ልጆችም ዕውቀት እንዲሁ ይታለፋል። አደይ አበባ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ሲያለብስ ልጃገረዶቹ ከየትኛው ስፍራ እንደሚለቅሙት፣ የትኛው ቶሎ እንደሚጠወልግና የትኛው እስከ ማግሥቱ እንደሚቆይ ያውቃሉ። መስፍን ታደሰ በ1984 ስለ ቢደንስ ወገን ባሳተሙት ጥናት ዝርያዎቹን በጥንቃቄ ለይተዋል፤ ከእርሱ እንደምንረዳው በአንድ ስም አደይ የምንለው፣ በኦሮምኛም ኬሎ የሚባለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ልጃገረዶቹ የሚለዩትና ሊቁ የለየው ይገጣጠም እንደ ሆነ የሚመረምር ሰው ቢነሣ መልካም ጽሑፍ ይወጣው ነበር።

ወደ አእዋፍ ስንመለስ ነገሩ ጭራሹን ባዶ ነው። የ2009ኙ መምሪያ በሥዕሉ ጥራትና በካርታው ትክክለኛነት የሚደነቅ ነው፤ በውስጡ ግን የእንግሊዝኛና የላቲን ስም እንጂ የአማርኛም የኦሮምኛም ስም አይገኝም። በአማርኛ መዛግብተ ቃላትም በኩል ብዙ ጊዜ «የወፍ ስም» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ በአሰላ ጧትና ማታ እየጮኸ የሚያልፈውን ጋጋኖ የሚያውቅ ልጅ ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር እንደማይገኝ፣ ሩፔል የሚባለውም ጀርመናዊ በ1837 ለሳይንስ እንዳስተዋወቀው የሚያነብበት መጽሐፍ በቋንቋው የለውም። የውጭ አገሩም ተመልካች ልጁ ጋጋኖ እንደሚለው አያውቅም። ሁለቱ ቆመው አንዱን ወፍ እያዩ ሊነጋገሩ አይችሉም።

የሕዝቡ የአእዋፍ ዕውቀት ከሥራው የተነሣ ነው። አንዱን ቁራ ከሌላው ቁራ በስም አይለይም ይሆናል፤ በደጋው ያለው መንቁረ ወፍራሙ ቁራ የሚገኘው በዚህ አካባቢ ብቻ መሆኑም አያሳስበውም። በዴራ ቆላ ማሽላ የሚያስጠብቅ ገበሬ ግን ግሪሳን ከሩቅ፣ በመንጋው አበራርና በድምፁ ያውቃል። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውል ልጅ ከየትኛውም የአእዋፍ ተመልካች የበለጠ ሰዓት ሰማዩን ሲመለከት ይውላል። እስካሁን ካነበብናቸው ጽሑፎች አንዱም ይህን ማማ እንደ ትምህርት ቤት አድርጎ አልቆጠረውም።

እንዲህ ያለውን ዕውቀት መመርመር የሚቻል መሆኑን የሚያስረዳ ምሳሌ ከጎረቤት አገር አለን። ማር መሪ የሚባለው ወፍ ሰውን እየጠራ ወደ ንብ ቀፎ እንደሚወስድ ሲነገር ብዙዎቹ ሊቃውንት እንደ ተረት ያዩት ነበር። ኬንያዊው ሁሴን ኢሳቅ ከራየር ጋር ሆኖ በሰሜን ኬንያ ከቦረናዎች ጋር እየዋለ የነገሩትን አንድ በአንድ ለካ፤ ውጤቱንም በ1989 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጣ። በማያውቁት ስፍራ ቀፎ ለማግኘት ያለ ወፉ በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅ፣ ወፉን በተከተሉ ጊዜ 3.2 ሰዓት ብቻ ፈጅቶ ተገኘ። ቦረናዎቹ ከወፉ አበራርና ጩኸት የቀፎውን አቅጣጫና ርቀት እናውቃለን ያሉትም እውነት ሆነ። የዚህ ጥናት ብልጫው መሣሪያው አይደለም፤ የሕዝቡን ቃል ለጌጥ ሳይሆን ሊመረመር እንደሚገባው አባባል አድርጎ መቀበሉ ነው። የአርሲ ማር ቆራጭ ስለዚሁ ወፍ የሚለውን ግን እስካሁን በዚህ ዓይነት ተጽፎ አላነበብንም።

ስለሚበሉት ተክሎች ስያሜም አንድ ቃል እንጨምራለን። «የረሃብ ምግብ» የሚለው ስም ከ1980ዎቹ ድርቅ ወዲህ በርዳታ ድርጅቶች ጽሑፍ እየተስፋፋ መጥቶ፣ ዛሬ የዱር ተክልን ሁሉ በአንድ ሸማ ጠቅልሎታል። ሳማን ብንወስድ ነገሩ በከፊል እውነት ነው። የደጋው ሳማ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዝርያ ሲሆን፣ እህል ባለቀበት ክረምት ተቀቅሎ ይበላል፤ ስለዚህም የድኻ ወጥ ተብሎ ይናቃል። ተመራማሪው በገበሬው ደጅ ቆሞ «የዱር ተክል ትበላላችሁን?» ብሎ ሲጠይቅ ገበሬው የሚሰማው «ትራባላችሁን?» የሚል ጥያቄ ነው፤ መልሱም በዚያው ልክ ይሆናል። ባለቤቲቱ ሳማውን በጓዳ ጥዳ ሳለ «እኛ አንበላም» ሊባል ይችላል። አጋም፣ ኮሽምና እንጆሪ ግን የረሃብ አይደሉም፤ የጠገበ ልጅ ሮጦ የሚለቅማቸው የደስታ ፍሬዎች ናቸው። የ413ቱ ዝርዝር ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም፣ የችጋር ሥርና የጨዋታ ፍሬ፣ ቅመምና መክሰስ እኩል አንድ አንድ ሆነው ስለ ተቆጠሩበት፣ ቁጥሩ ስለ አበላል ብዙ አይነግረንም። በዚህ መካከል የከተማው ሰው እንጆሪ የሚለውን ቃል ወስዶ ከውጭ ለመጣው ቀይ ፍሬ ሰጥቶታል፤ በጭማቂ ቤት እንጆሪ ያዘዘ ሰው በአሰላ አጥር ሥር የሚበቅለውን ቢያመጡለት አያውቀውም።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። በ1967 በስዊድን ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የአርሲን ስንዴና ገብስ ያሳደገ መሆኑን ማንም አይክድም፤ የዕፅዋቱም ጥናት ወጪ ከዚያው ከስዊድን መንግሥት ርዳታ የመጣ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እርሻው ሲሰፋ፣ ትራክተር ሲገባና የአረም መድኃኒት ሲረጭ የሚጠበው ማን ነው ብንል፣ የእርሻው ዳርቻ ነው፤ አጋሙ፣ ቀጋውና አደዩ የሚበቅሉትም በዚያ ዳርቻ ነው። ማሽላ ጠባቂውና እረኛውም ወደ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ መግባታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን በትምህርት ቤቱ የሚሰጣቸው መጽሐፍ ስለ ኮሽም አንድ መስመር ካልያዘ፣ ልጁ ያወቀው ነገር ዕውቀት እንዳልሆነ ተምሮ ይወጣል።

ለዚህ ሁሉ አዲስና ትልቅ መጽሐፍ ይጻፍ አንልም። አንድ ትንሽ የአካባቢ መምሪያ፣ ከዴራ እስከ ጭላሎ ብቻ የሚል፣ መቶ ያህል ተክልና ሃምሳ ያህል ወፍ የያዘ፣ ስሞቹ በግዕዝ ፊደልና በቁቤ የተጻፉበት፣ የሚመሳሰሉት አጋምና መረንዝ በአንድ ገጽ ፊት ለፊት የቀረቡበት ቢዘጋጅ ከስምንቱ ቅጽ አጠገብ ሊቀመጥ ይገባዋል። ከዚያ በፊት ግን ሊደረግ የሚችል ወጪ የሌለው ነገር አለ። በ1959 የተመሠረተው ብሔራዊ ሄርባሪየም የሚያኖራቸው የደረቁ ተክሎች እያንዳንዳቸው ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። በዚያ ላይ የለቃሚው ስም፣ ቀኑ፣ ስፍራው፣ ከፍታውና የአገር ቤቱ ስም ይጻፋል። ስሙን የተናገረው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ በምን ቋንቋ እንደ ተናገረና ተክሉን ራሱ በልቶት ያውቅ እንደ ሆነ የሚጻፍበት መስመር ግን የተለመደ አይደለም። ተናጋሪው ፈቅዶ ይህ አንድ መስመር ቢጨመር፣ ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ ጎራ እንጆሪ ነው ወይስ ቀጋ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱን ከወረቀቱ ላይ ያነብበዋል።